ሦስተኛው እምቢታ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ደብረ ታቦር ካለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ባትሪውን አብርቶ ካየኝ በኋላ «አባባ፣ ይህ የሚነሣ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ሕክምና አለን፤ ላስመዝግብዎት?» አለኝ።

እኔም አፌ እንዳመጣልኝ «አይ የኔ ልጅ፣ እኔ ኖሬበታለሁ፤ ለባሰበት ይሁን» አልሁ።

«እሺ አባባ፣ እንዳሉ» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ወጥቼ ከደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ለምን እንደተቀመጥሁ ለራሴም አልገባኝም። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ እኔ አለሁ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ መጥታ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ጨርሰዋል። የሚጠብቁት ሰው አለ?» ስትለኝ ምን እየጠበቅሁ እንደነበር ገባኝ። ይህን ወንበር አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ሰው እንዲሁ ተቀምጦበት አይቻለሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ አስካለ ከበሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ምን አሉህ?»

«ይነሣል አሉኝ።»

«መቼ?»

«ለባሰበት ይሁን አልኋቸው።»

ሳቋ መጣ፤ ወዲያውም ተቆጣች። «ካንተ የባሰበት ማን ሊመጣ ነው? ትናንት የጎረቤታችንን በግ እንዴት አደሩ ብለህ ጎንበስ ያልህ ሰው አይደለህም?»

«ጋቢ የለበሰ ሰው መስሎኝ ነዋ።»

«በጉስ ደስ ብሎታል። ነገ ተመለስና እሺ በላቸው።»

«ሳይጠሩኝ? አላደርገውም።»

እሷ እያጉረመረመች ገባች። እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ ሲነጋ ወረቀት አወጣሁ። የሥራ ዘመንህን ጻፈው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ዓይኔ ጨርሶ ሳይከደን ልጻፈው።

እኔ ታደገ፣ የደብረ ታቦሩ አስተርጓሚ፣ ቱርጁማን ነኝ። በዚህ በደቡብ ጎንደር ደጋ በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል የቆመ ሰው ሁሉ ቢሰለፍ ፊተኛው እኔ ነኝ። ለመኩራራት አይደለም እንዳልል ለመኩራራትም ነው፤ የደከምሁበት ነገር ነውና። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ አስተማሪዬ ራሴ ነበርሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት መዝገበ ቃላት ፊተኞቹ ቅጠሎቹ ተገንጥለው የጎደሉበት ነበር። ስለዚህ «ኤ» በሚባለው ፊደል የሚጀምረውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ለረጅም ጊዜ ሳላውቀው ኖርሁ፤ የቀረውን ግን እንደ ዳዊቴ ወጥቼዋለሁ። አነጋገሩን ከሬዲዮ ለቀምሁ። ፈረንጆቹ ራሳቸው «የት ተማርህ?» ሲሉኝ «እዚሁ» እያልሁ መሬቱን በጣቴ አሳያቸው ነበር።

ሙያውን ግን ያስያዙኝ ሐጂ ሰዒድ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ሐጂ ሰዒድ በደብረ ታቦር ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ዓረብኛ ያውቃሉ፤ እንግሊዝኛም ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ኖረው ቀስመዋል። ፈረንጅ ሲመጣና አስተርጓሚ ሲጠፋ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ የጨርቅ ጣቃ እያወረድሁ እየሰቀልሁ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከአፋቸው አይለይም።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። ሊያስተረጉሙ ሲነሡ አፋቸውን በውኃ ይጉመጠመጣሉ። «የራሴን ቃል ላውጣው፤ አፌ የሰው ቃል ማደሪያ ሊሆን ነው» ይላሉ። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ተናጋሪዎች መካከል አይቀመጡም። ከአገሩ ሰው ትከሻ በስተኋላ ይሆናሉ፤ ሁለቱ እርስ በርስ እንዲተያዩ ነው። «አንተን እያዩ ካወሩ ተዋወቁ አትበል» ይሉኝ ነበር። እኔም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከትከሻ ኋላ ነው የተቀመጥሁት።

ሦስተኛው የሱቅ ልማዳቸው ነው። ገበያተኛ ጨርቁን ዳስሶ ዋጋ ጠይቆ «እምቢ፣ አይሆንም!» ብሎ ፊቱን አዙሮ ሲወጣ እኔ ደሜ ይፈላል። «ናቀን እኮ ሐጂ!» እላለሁ። እሳቸው ከባንኮኒው በታች አንድ ጣታቸውን ያሳዩኛል። «ገና አንድ ነው» ይላሉ። ሰውየውን መልሰው ይጠሩታል፤ ደግሞ እምቢ ይላል። ሁለት ጣት። አሁንም ይጠሩታል። በሦስተኛው ወይ ይገዛል፣ ወይ «መንገዱን ያቅናልህ» ብለው ጨርቁን ያጥፋሉ፤ አራተኛ ጥሪ የለም። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው «በኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ወግ ነው። መልስ የሚባለው ሦስተኛው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ደጋ ላይ ምሳ ብላ ሲሉት በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው ምን ይባላል? ርሃብተኛ ይባላል። ካልደገሙለት ደግሞ የጋበዘው ሰው ይታማል።

ሲያሰናብቱኝ የሰጡኝ ሕግ አንዲት ናት። «ታደገ፣ ቱርጁማን ድልድይ ነው። ድልድይ የሚያልፍበትን ሰው ወዴት ትሄዳለህ አይልም።» ይህችን ሕግ አንገቴ ላይ እንደ ማተብ አሠርኋት። በኋላ ያነቀችኝም እሷው ናት።

ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ ጀመርሁ። አለቃዬ ቀይ ፊት መሐንዲስ ነበር፤ ሲናገር ይጮኻል። ድልድይ ነኝና እኔም እንደሱ እየጮህሁ እተረጉም ነበር። ሠራተኞቹ «አያ ታደገ፣ አንተንም አስቀየምንህ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ከዚያ በአንበሳሜ በኩል ምንጭ የሚያጎለብቱ ሰዎች ወሰዱኝ፤ የዚያኛው አለቃ ደግሞ የሚያንሾካሹክ ሰው ነበር፤ እኔም አንሾካሾክሁ። እንግዶች ይዤ ጣራ ገዳም የወጣሁበትም ጊዜ አለ። አንዱ እንግዳ ዕድሜያቸውን በገዳሙ የጨረሱ መነኩሴን «መቼ መጡ?» ብሎ ቢጠይቅ «ገና መምጣቴ ነው» አሉት። እኔም እንደወረደ ተረጎምሁ፤ እንግዳው ጀማሪ ናቸው ብሎ አዘነላቸው። ሐጂ ሰዒድ ቢሰሙ ይደሰቱ ነበር። ደመወዙ አንዱ ዘንድ ፈጥኖ ይመጣል፣ አንዱ ዘንድ ፈርምና ጠብቅ ይባላል፤ እሱን ልተወው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ማስተዋወቅ አለብኝ። «ስፐርን» ይሉታል። እምቢ ማለት በእንግሊዝኛ ብዙ ደረጃ አለው። ደረቁ እምቢታ የራሱ ግስ አለው፤ በትሕትና ይቅርብኝ ማለትም የራሱ አለው። ስፐርን ግን የቀረበልህን ነገር ንቀህ፣ አፍንጫህን ነፍተህ መግፋት ነው። ጥንት በእግር መምታት ማለት እንደነበር አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ላይ አንብቤያለሁ፤ እግሩ ዛሬም አልለቀቀውም። ይህ ግስ ፍቅርን፣ ምክርን፣ ርዳታን፣ ለዕርቅ የተዘረጋን እጅ ይገፋል። ማንም ያላቀረበልህን ነገር ግን በዚህ ግስ ልትገፋው አትችልም፤ ሰጪ ሲኖር ነው ንቀት የሚኖረው።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባኝ ነበር። በሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ሲተላለፍ፣ አጥቂው ከበረኛው ጋር ለብቻው ተገናኝቶ ኳሷን ወደ ሰማይ ሲልካት፣ ተራኪው ዕድሉን ስፐርን አደረገ ይላል። ምስኪኑ አጥቂ መቼ ናቀ? መሬት ላይ ተደፍቶ ጸጉሩን እየነጨ ነው! ብዙ ካሰብሁበት በኋላ ገባኝ። ንቀቱን ያየው ተመልካቹ ነው፤ ልቡ ስለተሰበረ። ይህ ግስ እምቢ ስላለው ሰው ከሚናገረው ይልቅ እምቢ ስለተባለው ሰው ይናገራል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ብቻዬን ያገኘሁት ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ አስካለ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አሁን በዚያ ዓይንህ ትጽፋለህ? መስመሩ እኮ ወደ ጉና እየወጣ ነው።»

«ይታየኛል።»

«ክሊኒኩ ዛሬም ክፍት ነው። ነጠላዬን ልልበስና እንሂድ?»

«ይቅር፣ አታስቸግሪኝ። ለባሰበት ይሁን አልሁ፣ ሰው በቃሉ ነው።»

ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔም ልቀጥል።

አንድ ዓመት ከባሕር ማዶ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ከተማችን መጡ። ከየወረዳው ሞራ የጋረደው ሰው በልጁ ትከሻ፣ በዘንግ፣ በቃሬዛ እየሆነ ግቢውን ሞላው። ዋናዋ ሐኪም ዶክተር ጆአን የምትባል ሴት ነበረች። ያስተረጎምሁላት እኔ ነኝ። ሥራው ቀላል አይደለም። ዓይኑ በመርፌ ደንዝዞ ቢላ የሚጠብቅ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ ቀድሞ እንዲናገር ማስተማር አለብህ፤ ድምፅህ ከተንቀጠቀጠ እሱም ይንቀጠቀጣል። እኔ ከትከሻው ኋላ ሆኜ በለሰለሰ ድምፅ ስናገር ስንቱ ገበሬ እንደ ሕፃን ጸጥ ይልልኝ ነበር!

ዘመቻው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ላይ፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን የሚባሉ መነኩሴ ገቡ። ቆባቸውን የደፉ፣ ቀጭን፣ ሁለቱም ዓይናቸው እንደ ወተት የነጣ። ከጉና ግርጌ ልጃቸው የኔነሽ እየመራች አምጥታቸዋለች። ዶክተር ጆአን መረመረቻቸውና ፊቷ በራ።

«ሁለቱንም ዓይን ማዳን እንችላለን። ዛሬ እንሥራልዎ?» አለች፤ ተረጎምሁ።

እማሆይ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና ፊታቸውን አዞሩ። እጃቸውን ዝንብ እንደማባረር ወዝወዝ አድርገው «እምቢ፣ አይሆንም። እኔ ምን ልሠራበት? ለባሰበት፣ ለልጅ ይሁን» አሉ።

ቃል በቃል ተረጎምሁ። ዶክተሯ የእጃቸውን ውዝዋዜ አየች፤ የዞረውን ፊት አየች። «እሺ፣ እንዳሉ። ቀጣዩ ይግባ» አለች። ይህንንም ተረጎምሁ። እማሆይ ዘንጋቸውን እየደባበሱ ወጡ። እኔ ከባንኮኒ በታች ያለችው የሐጂ ጣት ታየችኝ፤ ገና አንድ ነው። ዶክተሯ ግን ሌላ ሰው ጋ ደርሳለች፤ ድልድይ ደግሞ አይናገርም።

በምሳ ሰዓት ዶክተር ጆአን ሳህኗን ሳትነካ ለባልደረባዋ ስትነግረው ሰማሁ። «ያንን ሁሉ መንገድ መጥተን... ሴትየዋ ርዳታችንን ስፐርን አደረገችው» አለች። ያ ግስ! ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ መለስሁ። የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ፤ ክብደቱን፣ እግሩን፣ ሁሉን። ከእማሆይ ላይ የሚያነሣው ሰውም እኔ ብቻ ነኝ። ግን ምን ብዬ? እመቤቴ፣ ቃልሽ ትክክል አይደለም? የሐጂን ሕግ ይዤ ዝም አልሁ፤ ከሰዓቱንም እንዲሁ ለሌሎች ሳስተረጉም ዋልሁ። በሥራ ዘመኔ ከባዱ ውድቀቴ ይህ ዝምታ ነው።

ወደ ማምሻው ስወጣ እማሆይ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የኔነሽ የለችም፤ ማደሪያ ልትለምን ወጥታለች። ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘንብለዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀጥ ይላሉ።

«እማሆይ፣ ምን ይጠብቃሉ?»

«ጥሪ ነዋ ልጄ» አሉ፤ እንደ ሞኝ አዩኝ ማለት ይቻላል፣ ባያዩም።

ሮጬ ተመለስሁ። ዶክተሯ ቀዶ ጥገና ላይ ነበረች፤ መግባት አይቻልም። በሩ ላይ ቆሜ እግሬን እያፈራረቅሁ ጠበቅሁ። ጨርሳ ስትወጣ ወደ አግዳሚው ዞር ብል ባዶ ነው። የግቢው ዘበኛ «ልጅቷ መጥታ ወሰደቻቸው። እንኳን እናቴን፣ ውሻ እንኳ እንዲህ አያስጠብቁም ብላ እያለቀሰች ነው የሄደችው» አለኝ።

እዚያው ኮሪደሩ ላይ አፌን ሳልጉመጠመጥ ተናገርሁ። «ዶክተር፣ እኒያ መነኩሴ አልናቁሽም። ደግመሽ እስክትጠይቂያቸው እየጠበቁ ነው የዋሉት።»

ጭንብሏን አወረደች። «እምቢ ብለዋል እኮ። እኛ ዘንድ እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ማስገደድ ነው፤ ነውር ነው።»

«እኛ ዘንድ አለመጠየቁ ነው ነውሩ።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?»

«ሦስት። በሦስተኛው እምቢ ካሉ በቃ፤ እውነተኛ እምቢታ ነው፤ እኔም አልጫንም።»

ቁጭ አለች፤ አግዳሚው ላይ፣ እማሆይ በነበሩበት ቦታ። «ነገ ቀትር ላይ ዕቃ እናሽጋለን» አለች። «እስከዚያ ካመጣሃቸው እጠይቃቸዋለሁ።»

በማለዳ የመጀመሪያው ሚኒባስ ውስጥ ነበርሁ። ሞልቶ እስኪነሣ ድረስ ረዳቱ «ክምር ድንጋይ! ክምር ድንጋይ!» ሲል እኔ እያንዳንዷን ጥሪ እቆጥር ነበር። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ወርዶ ፀሐይ ሲሞቅ እኔ ጎማ ፈቺውን «ወንድሜ፣ ቶሎ» እያልሁ አሰለቸሁት። «አያ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ?» አለኝ። ከክምር ድንጋይ በእግር የገብሱን ማሳ እያቋረጥሁ ዳገቱን ወጣሁ። ደርሼ ባጣቸውስ? ብደርስና እውነተኛ እምቢታ ቢሆንስ? ዶክተሯ ካሸገችስ? አንዱን ጭንቀት ሳባርር ሌላው ይመጣል። የጉና ነፋስ ፊት ለፊት ይገፋኛል፤ እሱም እምቢ የሚለኝ መሰለኝ።

የኔነሽ ከአጥሩ ጋ አየችኝና ውሻውን ሳትይዝ ቆመች።

«ደግሞ ምን ቀራችሁ? እናቴ ትናንት ስንመለስ ከወንዙ ማዶ ወድቃ ግንባሯ ተላልጧል። ዓይኗን ባታድኑ ግንባሯን ተዉላት!»

«እታለም፣ ውሻውን ያዥልኝ፤ ጊዜ የለኝም።»

እማሆይ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ግንባራቸው በጨርቅ ታሥሯል። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ና ግባ፤ ቤት ለእንግዳ ነው። ግን ተናቅሁ ልጄ። እሺ እንዳሉ አለችኝና ቀጣዩን ጠራች። ለወጉ እንኳ አልደገመችልኝም። አሁንማ ብትለምኑኝም አልሄድም።»

ደነገጥሁ። ያው ግስ ነው! ዶክተሯ ከተማ ሆና፣ እማሆይ ጉና ሥር ሆነው፣ ሁለቱም ተናቅሁ ብለው ሳይበሉ ሳይተኙ አድረዋል። የናቀ ግን የለም።

«እማሆይ፣ ሐኪሟም ትናንት ምሳ አልበላችም» አልሁ። «መነኩሴይቱ የዘረጋሁትን እጅ ናቁብኝ ብላ።»

«ማን? እኔ?» ዘንጋቸውን ያዙ። «እኔ የሰው እጅ የምንቅ? ቆብ ደፍቼ?»

«እንዲያ ነው የመሰላት።»

ተነሡ። «የኔነሽ! ነጠላዬን። ዓይኔስ ይቅር፤ ስሜን ላጥራ።»

ቁልቁለቱን በምን እግር እንደወረድን አላውቅም። የኔነሽ በአንድ ክንዳቸው፣ እኔ በሌላው፤ እሳቸው «ቀስ አትበሉ፣ ሳትሄድብኝ» ይሉናል። ከክምር ድንጋይ በመኪና፣ ከከተማው መግቢያ ደግሞ ባጃጅ ይዘን ግቢው ስንደርስ ሣጥኖቹ ደጅ ተደርድረዋል። አመለጠችን አልሁ። ከዚያ ዶክተር ጆአንን አየኋት፤ ጋውኗን አላወለቀችም።

እማሆይ እስከ መሬት ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ አልናቅሁሽም» አሉ። ያሉት ግን ለሣጥኖቹ ነበር። ዶክተሯ መጥታ በሁለት እጇ እጃቸውን ያዘች።

«እማሆይ፣ ዓይንዎን ልሥራልዎ?»

ፊታቸውን አዞሩ። ነጠላቸውን ሳቡ። «አይ፣ ምን በወጣኝ! ለባሰበት ይሁን» አሉ።

የኔነሽ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ዶክተሯ በድንጋጤ አየችኝ። እኔ ከእማሆይ ትከሻ በስተኋላ ነበርሁ፤ ሁለት ጣት አወጣሁ። እምቢታቸውን አልተረጎምሁም። እሷም ትንፋሿን ውጣ፣ እጃቸውን ሳትለቅ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች።

 ሾፌሩ የመኪናውን ኮፈን ዘጋ። እማሆይ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ የጨርቅ ጥራት እንደሚፈትን ገበያተኛ።

«እንግዲህ... ካላችሁኝ» አሉ።

ሣጥኖቹ ተመልሰው ተከፈቱ። ሐኪሞቹ አንድ ቀን አደሩ፤ በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ሁላችንም ዙሪያቸውን ከበን ቆምን። እማሆይ ዓይናቸውን አርገበገቡ፣ እንባቸው ወረደ፣ መጀመሪያ የኔነሽን አይተው አገላብጠው ሳሙ። ወደ ዶክተሯ ዞረው «ይህችን የምታህል ልጅ ናት እንዴ! ነይ ልሳምሽ» አሉ። በመጨረሻ እኔን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱኝ።

«ቱርጁማኑ አንተ ነህ?»

«አዎን እማሆይ።»

«በድምፅህስ ረጅም ሰው መስለኸኝ ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሯ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አሳጥሬ ተረጎምሁ። «አመሰገኑሽ» አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተርጉሜያለሁ። አሁን ግን የሚጠራኝ የለም። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ይናገርበታል፤ ስልኩም ይመልስለታል። ፈጣን ነው፤ ከእኔ ይፈጥናል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ላይ እመሰክራለሁ። እምቢ ሲሉት ግን እምቢ ብሎ ነው የሚያስተላልፈው፤ ጣት የለውም።

እዚህ ደርሼ ብዕሬን ሳስቀምጥ አስካለ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጨረስህ?»

«ጨረስሁ።»

«የእኒያን መነኩሴ ነገር ጻፍኸው?»

«እሱንማ!»

«ታዲያ አንተን እንደሳቸው ቤትህ ድረስ መጥቶ የሚለምንህ ማን ይመስልሃል? ያ ሐኪም ልጅ ነው፤ እንዳሉ አለህ፣ ሄደ። ታደገ፣ ክሊኒክ እንሂድ?»

አፌ ለባሰበት ሊል ተከፈተ። እሷ ግን እጇን ዓይኔ ፊት አነሣች።

«ይህ ስንት ጣት ነው?»

አፈጠጥሁ። ነጭ ጉም ውስጥ የሚወዛወዝ ነገር ነው የሚታየኝ። 

«ሁለት» አልሁ፣ በግምት።

«ሦስት ነው» አለችኝ።

ዘንጌን ፈለግሁ። እሷ አቀበለችኝ።

«እንግዲህ ካልሽኝ» አልሁ።